እንጀራው በምን ይጋገራል?

እኛ የከተማ ልጆች አፈርን የምናውቀው በአፋችን ነው። ስንጣላ «አፈር ብላ!» እንባባላለን። ስንለምን «አፈር ስሆንልህ» እንላለን። አንድ ነገር ሲበላሽብን «አፈር ድሜ በላ» ብለን እናዝናለን። ሰው ሲሞትብን ደግሞ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን። ከእርግማን፣ ከልመናና ከለቅሶ ውጪ አፈር ትዝ ብሎን አያውቅም። ጫማችን ላይ ሲያርፍብንማ ሊስትሮ ፍለጋ ነው የምንሮጠው።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለዚሁ አፈር ነው። ቆይ፣ አትሂዱ! ስለ ግብርና የሚያወራ ነገር ሲመጣ ቻናል መቀየር የሁላችንም ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ጋዜጠኝነት ስማር «የልማት ዘገባ» የሚሏትን ትምህርት ያለፍኳት በመምህሩ ቸርነት ነው። የዛሬው ወሬ ግን ስለ እንጀራ ነው። በእንጀራ ነገር ደግሞ የማያገባው የለም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የዶርም ጓደኛዬ «የእኔን አገር ሳታዪ ኢትዮጵያን አውቃለሁ እንዳትዪ» ብላ ወደ ቤተሰቦቿ ይዛኝ ሄደች። አገሯ ዋግ ኽምራ ነው፤ ከሰቆጣ ከተማ ወጥቶ በእግር የሚደረስ አንድ ጎጥ። ደሴን፣ ወልዲያን፣ አላማጣንና ኮረምን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኮረም በኋላ ያለውን አገር ያየ ሰው ሜዳ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳል። ተራራ በተራራ ላይ ተደርቧል። «እዚህ ደግሞ ማን ያርሳል?» ብላችሁ ሳትጨርሱ ከፊታችሁ አንድ ሰው በሬ ጠምዶ ታያላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። እኛ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት እንሮጣለን። የጓደኛዬ አባት ግን ዶማቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሮጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ማሳው እየሄደ ነው ልጄ፤ ልሸኘው ወጥቼ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

ወጥቼ አየሁት። ከእርሻቸው ግርጌ ባለው ቦረቦር ውስጥ፣ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ውሃ እያጓራ ይወርዳል። ቀለሙ የማሳቸው ቀለም ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናትየው እንጀራ ሊጋግሩ እሳት አያይዘዋል። ጎናቸው በበጋው ጠፍጥፈው ያከማቹት ኩበት ተደርድሯል። እኔ የተማርኩት ልጅ፣ የትላንቱ ጎርፍ ከንክኖኝ ስላደረ፣ ምክር ቢጤ ጣል ላደርግ ፈለግሁ።

«እማማ፣ ይኼ ሁሉ ፍግ ማሳው ላይ ቢጨመር አፈሩ አይጠነክርም ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ይጠነክራል እንጂ። ታዲያ እንጀራው በምን ይጋገራል ልጄ?»

እንጀራውን በላሁት። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

* * *

ስምንት አይሱዙ

«ማሳው እየሄደ ነው» ሲሉ አባባ ማጋነናቸው መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ። የመጀመሪያው መለኪያ ጣቢያ ወሎ ውስጥ ማይባር ላይ ተከፈተ፤ ከዚያ በሌሎችም አካባቢዎች ቀጠለ። ከእነዚያ ልኬቶች ተነስቶ ሃንስ ሁርኒ የተባለው ስዊዛዊ ተመራማሪ ያወጣው ስሌት፣ በደጋው ኢትዮጵያ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል። ከዚያ በኋላ የወጡ ስሌቶች ከፍም ዝቅም ይላሉ። «ኧረ ይኼማ ቀላል ነው» ያለ ግን የለም።

42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል ብንል፣ በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር ላይ ስምንት አይሱዙ አፈር ተጭኖ ይሄዳል፤ ትራፊም አለው። ሹፌር የለው፣ ረዳት የለው፣ ኬላ ላይ የሚያስቆመው የለው። 20 ኩንታል እህል ሲያገኝ «ዘንድሮስ ተመስገን» ለሚል ገበሬ 420 ኩንታል አፈር መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። በውፍረት ሲሰላ በዓመት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ ማለት እኔ ከተወለድኩ ወዲህ ግማሽ ስንዝር ሄዷል ማለት ነው። አማካይ መሆኑን ደግሞ አትርሱ፤ ዋግ ኽምራ ዳገት ላይ ነው የሚታረሰው።

መጀመሪያ የሚሄደው ምርጡ ነው። ውሃ ድንጋዩን ትቶ ደቃቁንና ጥቁሩን፣ ማለትም እህሉ የሚበላውን፣ መርጦ ይወስዳል። ጊዜውንም ያውቅበታል። በአገሩ ዝናብ ማለት የክረምት ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የሚወርደው ደግሞ ማሳው ታርሶ ለስልሶ፣ ቡቃያ ሳይሸፍነው፣ ራቁቱን ባለበት ሰዓት ነው። ጤፋችን ደግሞ ደጋግሞ የታረሰና የላመ ማሳ ትወዳለች። ልምላሜዋን የምንወድላት ጤፍ አፈሩን እንዲህ አልብሳ ሳይሆን አራቁታ ነው የምትጀምረው።

አሁን ወደ እማማ ኩበት እንመለስ። ፍግ የሰብል ምግብ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ፍግና ብስባሽ አፈሩን እርስ በርሱ የሚያጣብቁ ሙጫ ናቸው፤ ዝናቡን የሚጠጡ ስፖንጅም ናቸው። እነሱ ያሉበት አፈር ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። እነሱ የሌሉበት አፈር ላዩ ይደርቅና ዝናቡን እንደ ቆርቆሮ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ የአፈር መሸርሸርና የአፈር መድከም ሁለት በሽታዎች አይደሉም። አንዱ ሌላውን የሚወልድ አንድ በሽታ ናቸው።

እንግዲህ የዋግን ማሳ ሒሳብ ተመልከቱት። እህሉ ለሰው ይሄዳል። ገለባውና አገዳው ለከብት ይሄዳል። የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ለእሳት ይሄዳል። የተረፈው አፈር ለወንዝ ይሄዳል። ሁሉም ከማሳው ይወስዳል፤ ወደ ማሳው የሚመልስ የለም። እንዲህ ያለ የባንክ ሒሳብ ቢኖራችሁ ስንት ቀን ትቆዩ ነበር?

«ማዳበሪያ ይግዙዋ!» የሚል አይጠፋም። ይግዙ። ነገር ግን ሙጫም ስፖንጅም በሌለው ዳገት ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሸኛል። ዝናቡ በቀረበት ዓመት ደግሞ ሰብሉ ይቀራል እንጂ ዕዳው አይቀርም። በተደጋጋሚ ድርቅ በሚመታ አገር ማዳበሪያ መግዛት ቁማር ነው። ድሃ ቁማር የማይወደው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ሲሸነፍ የሚከፍለው ስለሌለው ነው።

* * *

ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ?» ካላችሁኝ፣ ብዙ አድርጓል። ያውም ሦስት መንግሥት። ሦስት ጉልቻ በሉት።

የመጀመሪያው ጉልቻ የደርግ ነው። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል የሚታገዝ ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ። ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ይሠራል፤ ለቀን ሥራው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለታል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር እርከን ተሠራ፤ ኮረብታዎች ተከለሉ፤ ዛፍ ተተከለ። ሪፖርቱ ያማረ ነበር። የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን የሚነግር አልነበረም። የተከላው ገበሬ ሣሯን አያጭድ፣ ቅርንጫፏን አይቆርጥ።

በ1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ፤ በ1983 ራሱ ወደቀ። በዚያች የመሸጋገሪያ ጊዜ በብዙ ቦታ ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ወጣና ዛፉን ቆረጠ፤ እርከኑን አፈረሰ። እኛ ከተሜዎች ይህንን «የሥርዓት አልበኝነት ዘመን» እንለዋለን። ለእኔ ግን በገጠር ኢትዮጵያ የተካሄደ የመጀመሪያው ነጻ ምርጫ ነው። ድምፅ የተሰጠው በመጥረቢያ ነበር። ውጤቱም «የእናንተ ከሆነ ውሰዱት» የሚል ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ የራስወርቅ አድማሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለዚያ ዘመን የአፈር ጥበቃና የመሬት ባለቤትነት የጻፉት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሃያ ዓመት ወደ የትም» ማለት ነው። ከዚህ በላይ አሳጥሮ መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ጉልቻ የኢሕአዴግ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት መጣ፤ የዋግ ኽምራ ገበሬ በእህልና በጥሬ ገንዘብ እርከን ይሠራ ጀመር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በየበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሆነ፤ ያለ ክፍያ፣ በልማት ቡድን ተሰልፎ። ሦስተኛው ጉልቻ የዛሬው ነው። እኔ እማማ ቤት ኩበት ለማግዶ መዋል አለበት የለበትም ብዬ በምፈላሰፍበት በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አሳወቀ።

አደራ፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እርከንና ክትር የሌለበት ዳገት ላይ ፍግ ብትጨምሩም ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። ዛፍ መትከልም ጽድቅ ነው። የእኔ ቅሬታ በቆጠራው ላይ ነው። ሦስቱም ጉልቻዎች የሚቆጥሩት የተሠራውን ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን፣ ስንት ሚሊዮን ችግኝ፣ ስንት ሺህ ሕዝብ ወጣ። የቀረውን፣ የጸናውን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘውን ቆጥሮ በዜና የሚያነብልን የለም። አፈር ደግሞ የሚያውቀው የቀረውን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው።

* * *

«የግንዛቤ እጥረት»

በስብሰባ አዳራሾቻችን ውስጥ የማትሞት አንዲት ሐረግ አለች፤ «የግንዛቤ እጥረት» ትባላለች። እርከን ፈረሰ? የግንዛቤ እጥረት። ችግኝ ደረቀ? የግንዛቤ እጥረት። ኩበት ነደደ? እሱማ ግልጽ ነው። ከዚያ አበል ይታሰብና ሥልጠና ይዘጋጃል።

እማማ የግንዛቤ እጥረት አለባቸው? ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው «ይጠነክራል እንጂ» ያሉኝ። አባባ በዝናብ ዶማ ይዘው የሚሮጡት የአፈር ዋጋ ስላልገባቸው ነው? ሰቆጣ ላይ የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። በዚያ አገር የጠፋው እውቀት አይደለም።

የጠፋውን በገበሬው ሒሳብ እንየው። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይቆርጣል፤ ዳገቱ በጨመረ ቁጥር የሚቆርጠውም ይጨምራል። በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባል። በሬ ጠምዶ ለመዞር ያስቸግራል። የእርከን ጥቅም ደግሞ ዘንድሮ አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ገበሬው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ከዓመታት በኋላ ይህ መሬት የእኔ ነው?»

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል ያየ ሰው፣ ማሳ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሄድ በዓይኑ አይቷል። ክልሉ በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። በክልሉ የተደረገ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ጥናት ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በአፈር ጥበቃ ላይ የሚያወጡት ጉልበት መጨመሩን አሳይቷል። አንዲት ደብተር ስንት ሥልጠና ያቃተውን ሠራች ማለት ነው። መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ በዚህ ግን እንስማማ፤ ሰው የሚጠብቀው የራሱ የሆነውን ነው።

በማሳው ላይ ደብተር አለ እንበል። በኮረብታውስ ላይ? ዝናቡ ጉልበት ይዞ የሚወርደው ከተራቆተው ኮረብታ ነው። ኮረብታው ግን የሁሉም ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ሁሉም ከብቱን ይለቅበታል። የአንዱ ፍየል ብትቀር የሌላው ትበላዋለች። የአበርገሌ ፍየል ደግሞ የተተወላትን የምትተው አይደለችም!

* * *

ዕጣ ፈንታ አይደለም

ብዙ ሰው ዋግንና ላስታን ሲያስብ ወደ ኋላ የማይመለስ ጥፋት ይታየዋል። «ድሮ ደን ነበር፤ ዛሬ ድንጋይ ሆነ፤ ነገ በረሃ ይሆናል» ዓይነት ነገር። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ጥናት ግን አስደነገጠኝ።

እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን የተባለ ቤልጂየማዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የእነዚያን ፎቶዎች ትክክለኛ ቦታ እየፈለጉ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤታቸው፣ አብዛኛው ቦታ ከ1868ቱ ይልቅ የተሻለ ዕፅዋትና የተሻለ የአፈር ጥበቃ እንዳለው ያሳያል። ያኔ ሕዝቡ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ተራራው ግን ዛሬ ካለው የባሰ ራቁቱን ነበር። መሬቱ የሚሞት ብቻ ሳይሆን የሚያገግምም ነው። የበዛ ሰው አፈር አጥፊ ብቻ አይደለም፤ እጅም አለው።

ምሥክር ከፈለጋችሁ ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለው አብርሃ ወአጽብሃ አለ። ሕዝቡ ኮረብታውን ከልሎ፣ ክትር ሠርቶ፣ የከርሰ ምድር ውሃውን ወደ ላይ መልሶ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። ራቅ ብላችሁ ደግሞ ኒጀርን እዩ። በዚያ ዛፍ በሕግ የመንግሥት በነበረ ጊዜ ገበሬው ቡቃያውን እየነቀለ ይጥል ነበር። ዛፉ የራሱ እንደሆነ ማመን ሲጀምር ከአሮጌ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን መንከባከብ ጀመረ። ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን እርሻ በዚህ መልክ ዛፍ ለበሰ። አብዛኛው አልተተከለም፤ አልተነቀለም እንጂ።

* * *

የእኛ እንጀራ

አሁን ወደ እኔና ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእነ አባባ ማሳ የተነሳው ሻይ የመሰለ ውሃ ቦረቦሩን ይዞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። ደለሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ያንኑ ወንዝ ተከትላችሁ ሱዳን ግቡ። በአትባራ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኻሽም ኤል ግርባ ግድብ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ገደማ በደለል አጥቷል።

እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ቁጭ ብለን የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን እንሰካለን። መብራቱ ከየትኛው ግድብ እንደመጣ አይለይም፤ የተከዜም ተቀላቅሎበታል። እንግዲህ ዙሩን አስተውሉት። እማማ መብራት ስለሌላቸው በኩበት ይጋግራሉ። ኩበቱ ስለነደደ ማሳው ይደክማል። የደከመው አፈር ታጥቦ ተከዜ ግድብ ይገባል። ከግድቡ የወጣው መብራት እማማን አልፎ እኛ ጋ ይመጣል። እኛም በእሱ እንጀራ ጋግረን እየበላን «ገበሬው የግንዛቤ እጥረት አለበት» እንላለን።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበኛል? ሰቆጣ የአንድ ከተማ ስም ብቻ ስላልሆነች ነው። በ1977ቱ ረሃብ ከዋግ ተነስቶ ኮረም መጠለያ የደረሰውንና ሳይደርስ የቀረውን ሕዝብ አገር ያስታውሰዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. (ጁላይ 2015) መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ሥራውም የተጀመረው ከተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። 2030 ደግሞ በራችን ላይ ነው።

የተራቆተ ማሳ የሚያበቅለው እህል ትንሽ ነው፤ ያቺ ትንሽ እህል ደግሞ መጀመሪያ የምትጎድለው ከሕፃን ሳህን ላይ ነው። ሳህኑን ለመሙላት ቃል የገባ መንግሥት ማሳውን ካልሞላ ቃል ኪዳኑ በየዓመቱ በቦረቦር ይወርዳል።

ከዚያ ክረምት በኋላ ወደ ሰቆጣ አልተመለስኩም። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሳ፤ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ዋግ ኽምራ የጦር ሜዳ ሆነ። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ዙሪያ ተጠለለ። የ2015 ክረምት ዝናብ ደግሞ ቀረና ድርቅ ተጨመረበት። ስልክ ሲከፈት ጓደኛዬን መጀመሪያ ስለ ቤተሰቡ ጠየቅኋት፤ ተርፈዋል። ቀጥዬ «በሬዎቹስ?» አልኳት። «አንዱ ቀርቷል» አለችኝ። በሬ ያጣ ቤት የሚያርስበት ብቻ አይደለም የሚያጣው። ኩበቱንም ፍጉንም ያጣል።

* * *

እንግዲህ ምን ይሁን?

እኔ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። እንደ ጋዜጠኛ ግን የተመለሰ ጥያቄ ካልተመለሰው እለያለሁ። ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ሪፖርቱ ይቀየር። ቀበሌውም ወረዳውም «ዘንድሮ ስንት ሠራን» ማለቱን ትቶ «የዛሬ ሦስት ዓመት ከሠራነው ስንቱ ቆሟል» ብሎ ይቁጠር። የተተከለ ሳይሆን የጸደቀ። የተካበ ሳይሆን ያልፈረሰ። እኛ ጋዜጠኞችም ችግኝ የሚተክል ባለሥልጣን ፎቶ ከማንሳት ወደዚያው ቦታ ተመልሰን ሄደን ጉድጓዱን እንይ።

ሁለተኛ፣ ኮረብታው ባለቤት ያግኝ። የተከለለ መሬት ሣሩም፣ ንቡም፣ ዛፉም የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይ። ለማን ከተባለ፣ ለዚያው ለገነባው ሕዝብ፣ በተለይም መሬት ሳይደርሰው ለቀረው የእኛ ዕድሜ ወጣት። ሣሩን አጭዶ ለከብት የሚያበላ ሰው ከብቱን አይለቅም፤ እበቱም በየሜዳው አይበተንም። ዘመቻ የማይጠራው፣ ካድሬ የማይቆጥረው ጥበቃ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ማገዶ የአፈር ጉዳይ ተብሎ ይመዝገብ። ዛሬ ምድጃው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ አፈሩ በሌላ፣ የሕፃኑ ሳህን በሦስተኛው ነው የሚታየው። እማማ ቤት ግን ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻው እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ግማሹ ኩበት ወደ ማሳው ተመለሰ ማለት ነው። በየጓሮው ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ሲኖር ሌላውም ይመለሳል። መብራቱ ግድቡን ዞሮ እማማ ጋ የሚደርስበት ቀን ደግሞ ይምጣ። ለአንድ ሄክታር እርከን የሚከፈለውን ላብ ያህል ለአንዲት ምድጃ ቢታሰብ ምን ነበረበት?

«ይኼ እኛን ምን ያገባናል?» የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ምጣዳችሁን ስትሰኩ ወይም ከሱቅ እንጀራ ስትገዙ አንድ ጊዜ አስቡት። ጤፉ ከአፈር ነው፤ መብራቱም ደለል ከሚሞላው ግድብ ነው። አፈሩ ሲያልቅ የዋጋ ንረት ብለን በከተማ ቋንቋ እናለቅሳለን እንጂ ማልቀሳችን አይቀርም።

እማማ እንደገና ቢጠይቁኝ የምመልሰው አሁንም የለኝም። ጥያቄው የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል። በኩበት እንዳይባል ማሳው ያልቃል፤ በማሳው ይቅር እንዳይባል ልጆቹ ይራባሉ። መንግሥትም፣ ምሁርም፣ እኔና እናንተም መልሱን ሳናገኝ «አፈር እንጠብቅ» ብንል እማማ በትዕግሥት ቀና ብለው ያዩንና ያንኑ ይጠይቁናል፦

«ታዲያ እንጀራው በምን ይጋገራል?»

ቸር ይግጠመን።